ያለ ሞንታርቦ

ኮዬ ፈጬ ዳር ነው፣ አስፋልቱ የሚያልቅበት፣
ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ጭቃ የሚጀምርበት፤
የቆርቆሮ አዳራሽ፣ ወለሉ ገና ያልተሞላ፣
አግዳሚ ወንበሩ በምስጥ የተበላ።
ሐሙስ ማታ ነበር፣ የልምምድ ቀን፤
መብራት ሄደ፣ እንደ ልማዱ፣ ሳይሰናበተን።

የኢዮስያስ ጣቶች አየር ላይ ቀሩ።
ኦርጋኑ ጥርሱን አግጦ ዝም አለ፣
ሞንታርቦው ባንዴ ሬሳ መሰለ።
እኛ አሥራ ሰባታችን በጨለማ ተፋጠጥን፤
ልንገራችሁ፣ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።
ስድስት ዓመት ሙሉ ከሞንታርቦው ጥግ ስቆም
አፌን ሲከፈት ያየ እንጂ ድምፄን የሰማ ሰው የለም።
እኔም ራሴ አልሰማሁት።

«በቃ እንበተን» አለች ዘርፌ፣ ነጠላዋን እያጣፋች።
ያኔ ነው ከበሩ በኩል ጉሮሮ የተጠረገው፤
ሃምሳ አለቃ ጎንፋ፣ የብሎክ አርባ ሁለት ዘበኛ።
እሱ ማርያምን ነው የሚሳለመው፤
እኛ ዘንድ ለዝናብ ብቻ ነበር የሚጠለለው።
ካፖርቱን እንደደረበ፣ ባትሪውን መሬት ላይ አቁሞ፣
«ማን ከለከላችሁ?» አለን፣
«ጉሮሮም በመብራት ሆነ እንዴ ደግሞ?»

ከዚያ ነገረን።
ጁባ በነበረ ጊዜ፣ በሰላም ማስከበሩ፣
ከሽቦው ማዶ የፊጂ ሰዎች ሰፍረው ነበሩ፤
ከባሕር መካከል፣ ከዓለም ጫፍ የመጡ፣
ትከሻቸው በር የሚያክል፣ ሲስቁ መሬት የሚያናውጡ።
እሑድ እሑድ በማለዳ፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣
ከድንኳን ሥር ይቆማሉ፣ ያለ ከበሮ፣ ያለ ጊታር፤
አንዱ ከሆዱ ያወጣዋል፣ ጎርፍ እንደሚገፋው ቋጥኝ፣
ሌላው በላዩ ይረብባል፣ ሦስተኛው ከጎን ይገባል፣
ሴቶቹ ደግሞ ከላይ ወለል ያደርጉታል፣ እንደ መስኮት።
«እኔ የአቃቂ ልጅ ቋንቋቸውን ከየት ላውቅ?
ግን ሽቦውን ጨብጬ ቆሜ
ሻዬ ቀዘቀዘ፤ ተረሳኝ ሕመሜ።»

ከፋፈለን፣ እንደ ሮንድ ምደባ፤
አንተ ከዚህ፣ አንቺ ከዚያ፣ ወፍራም ድምፅ ከግድግዳው ጋ።
እኔ ላይ ባትሪውን አበራ።
«አንቺ መሀል ግቢ። መጀመሪያ ስሚ።
ሰምተሽ ስትጠግቢ፣ ያኔ።»

የመጀመሪያው ተሰበረ። ሁለተኛው ጎበጠ።
ዘርፌ ሳቀች። ውጭ ውሻ ጮኸ። አንድ ሰው ቁልፍ ጣለ።
ሦስተኛው ላይ ግን፣

እንዴት ልበላችሁ?
ብሎኬት ሲሸከም ከሚውለው ከታምሩ ደረት፣
ጉንፋን ከያዘው ከቦንቱ አፍንጫ፣
ባሏ ከሄደ ወዲህ ከንፈሯን ከነከሰችው ከዘርፌ፣
ጥቂት ጥቂት፣ እንደ ዕቁብ ተዋጣ፤
ግን ባንድ ማታ ዕጣው ለሁላችን ወጣ።
ቆርቆሮው ነዘረ፤ በሚስማሩ ወረደ፣
በጥርሴ ሥር ገብቶ ጉልበቴ ድረስ ሄደ።
ድምፄን ፈለግኩት፤ አጣሁት፤ ስላጣሁት ደስ አለኝ፤
ጨው ወጥ ውስጥ የት አለ? ቅመሱና ንገሩኝ።

ኢዮስያስ እንኳ፣ በቁልፍ ብቻ የሚያወራው፣
ከኦርጋኑ ኋላ ወጥቶ ከታምሩ ጎን ቆመ።
ባስ ኖሯል ለካ፤ ማን አወቀው?

መብራት መጣ።
ማይኩ ፊቱ ተትቶ ኖሮ፣ ሞንታርቦው ዊይይይ አለ፣
ጅራቱን እንደተረገጠ ድመት።
ሳቅን፣ ሳቅን፣ እንባችን እስኪመጣ።
ሃምሳ አለቃ ሶኬቱን ነቀለው፣ እንደ ጥርስ፣ ቀስ ብሎ፤
«ተራህን ጠብቅ» አለው፣ አዳራሹን በሳቅ ጥሎ።

ማታ አራተኛ ፎቅ ስወጣ፣ ጭቃ ጫማዬ በእጄ፣
ያን አንድ ድምፅ፣ የኔን፣ እንዳይወድቅ በአፌ ይዤ፣
ሦስተኛው ላይ፣ በሩ ገርበብ ያለ፣ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው፣
ስሙን የማላውቀው፣
ቀና ሳይል፣
ከሥሬ ገብቶ ያዘው።